ከመቶ አራት የሚያጎድል ሚዛን

ሰኞ፣ 63 ቀን ቀረ

ቀጠሮው ተቆረጠ። ዛሬ ከሆስፒታሉ ደውለው የዛሬ ዘጠኝ ሳምንት ሰኞ ጠዋት ሁለታችንም እንድንቀርብ ነገሩን። እኔ ኩላሊት ሰጪ፣ ታናሽ ወንድሜ ተቀባይ። እማዬ ስልኩን ከዘጋሁት በኋላም ጆሮዋን ወደኔ አዘንብላ ቆማ ነበር፣ የቀረ ነገር ካለ ብላ።

ሦስተኛ ቀጠሯችን ነው። በመጀመሪያው እሱ ኢንፌክሽን ያዘው። በሁለተኛው ቀዶ ሐኪሙ ራሱ ታሞ ተኛ። እንዲህ እንዲህ እያለ ዓመት ከመንፈቅ ሄደ። የኔ ሥራ በዚህ ሁሉ ጊዜ አንድ ነው፤ ከሰባ ሁለት ኪሎ አለማለፍ። ዶክተሩ ቁርጡን ነግሮኛል፤ ካለፍሽ ስኳርሽ ከፍ ይላል፣ ኩላሊትሽን አልነካም ብሏል። ዘጠና ስምንት ነበርኩ። ሰባ አንድ ገባሁ።

መቀነሱስ ቀላል ነበር። ሰው ሁሉ ያጨበጭብልሻል። ጎረቤት መንገድ ላይ አስቁሞ ምን ብታደርጊ ነው ይልሻል፣ ቀሚስሽን በየወሩ ታስጠብቢያለሽ። ባለሽበት መቆየትን ግን ማን ያጨበጭብለታል? ዛሬም ሰባ አንድ፣ ነገም ሰባ አንድ። "ጎበዝ፣ ዛሬም አልወፈርሽም" የሚል ሰው እስካሁን አልገጠመኝም።

ባለፈው ዓርብ 71 ተኩል። ይህን ደብተር የገዛሁት ራሴን እንድጠብቅበት ነው።

ዓርብ፣ 59 ቀን

72። ጠርዙ ላይ ነኝ።

ዓርብ ዓርብ ከእራት በፊት ሚዛን ላይ እወጣለሁ። እማዬ መነጽሯን አድርጋ ጎንበስ ትልና ታነባለች፣ ከወጥ ቤቱ በር ጀርባ በተሰቀለው የቀን መቁጠሪያ ላይ በእርሳስ ትጽፋለች። የወንድሜ የየዕለቱ ነው፤ ጠዋት ምንም ሳይቀምስ። እሱ ሽንት ስለማይወጣው የጠጣው ሁሉ ሰውነቱ ውስጥ ይቀመጣል፣ ሰኞና ሐሙስ እጥበት ሄዶ በማሽን እስኪያወጡለት። ከእጥበት ሲመለስ ሃምሳ ስምንት ኪሎ ነው። እስከሚቀጥለው ከስልሳ ማለፍ የለበትም። ስለዚህ ስንት ብርጭቆ እንደሚጠጣ የሚወስነው ሚዛኑ ነው።

ሚዛኑን ያመጣሁት እኔ ነኝ። ባለቤቱ ወርክሾፓችን አስቀምጦት በዚያው ጠፋ፣ እኔ ጠገንኩት። ሥራዬ እሱ ነው፤ ሚዛን እጠግናለሁ፣ በየሱቁ እየዞርኩ እፈትሻለሁ። ወንድሜ "የቤቱስ ማህተም አይገባውም?" ብሎ አስቆኝ "ተፈትሿል" የሚለውን አረንጓዴ ወረቀት ለጠፍኩበት። "አሁን ማንም አይከራከረውም" አለ።

ረቡዕ፣ 54 ቀን

የዳቦ ቤቶቹ ተራ ነበር። ወፍራሙ ጋጋሪ ሚዛኑን ፈትሼ ስጨርስ ሁልጊዜ አንድ ትኩስ ዳቦ ይሰጠኛል። ዓመት ሙሉ ለእማዬ ወስጃለሁ። ዛሬ መንገድ ላይ በላሁት። ሙሉውን። ፊቴን ወደ ግድግዳ አዙሬ።

ዓርብ፣ 52 ቀን

73። እማዬ አንብባ ትንሽ ቆየችና ጻፈች። እራት ላይ የኔ ሩዝ በጭልፋ ግማሽ ነበር።

"ከባድ ልብስ ለብሰሽ ነው" አለኝ ወንድሜ። ስስ ሸሚዝ ነበር የለበስኩት። ይህ ልጅ ለኔ ምክንያት ፈልጎ አያጣም። እኔ ነኝ የማጣው።

ማክሰኞ፣ 48 ቀን

የወርክሾፓችን ጸሐፊ፣ በሁሉ ሰው ፊት፦ "አሁን ገና ሰው መሰልሽ። ያኔ እኮ ፊትሽ ሁሉ ሞግጎ ነበር። ተመለስሽ፣ አማረብሽ።"

አመሰገንኳት። መጸዳጃ ቤት ገብቼ አለቀስኩ። ከዚያ ከመሳቢያዋ ብስኩት ስትሰጠኝ ተቀበልኩ።

ሐሙስ፣ 46 ቀን

ምሳ ሰዓት ሁሉም ሲወጡ የወርክሾፑ ትልቁ ሚዛን ላይ ወጣሁ። 74። ነገ ዓርብ ነው።

እማዬና ወንድሜ እጥበት ሄደዋል፤ ቤቱ ባዶ ነበር። የቤቱን ሚዛን ገልብጬ ሆዱን ከፈትኩት። ሞላው ዝጎ ነበር። ዘይት ቀባሁት፣ ብሎኑን ትንሽ ጠበቅ አደረግሁት። ቀድሞም ትንሽ ያከብድ ነበር መሰለኝ። ወለሉም አልተስተካከለም።

እንግዲህ ለደብተር መዋሸት ምን ይባላል? አያከብድም ነበር። ሥራዬ ነው፣ አውቀዋለሁ። ባለፈው ዓመት አንድ ባለ ሥጋ ቤት እንደዚሁ አድርጎ ይዘነዋል፤ ባዶውን ስታይው ጠቋሚው ዜሮ ላይ ቁጭ ብሏል፣ የሚዋሸው ሲጫንበት ብቻ ነው። አለቃችን፣ ለአንድ ግራም እንቅልፍ የሚያጣውን ሰውዬ ግራም ነው የምንለው፣ ያን ቀን በሰውዬው ፊት "ሌባ ዕቃ ይሰርቃል፣ አንተ ግን የሰውን ዓይን ሰረቅክ" አለው። የሥጋ ቤቱ የሚጨምር ነበር። የኔ የሚቀንስ ነው። ከመቶ ኪሎ አራት ያጎድላል።

ሦስት ኪሎ ብቻ ነው የቀረኝ። እሷን ላውርድና እመልሰዋለሁ። እማዬ በየሳምንቱ ስትጨነቅ ማየት አልቻልኩም።

ዓርብ፣ 45 ቀን

71። እማዬ ሁለት ጊዜ አነበበችው። "ተመስገን" አለችና ግንባሬን ሳመችኝ። እራት ላይ ሩዙ በጭልፋ ሙሉ ነበር፤ በላሁት።

ጠዋት ወንድሜም ተመዝኖ ነበር። ሃምሳ ስድስት። እማዬ ተናደደች። "አድርቀውታል እኮ። ሃምሳ ስምንት አድርገው መስደድ ሲገባቸው ሁለት ኪሎ ጨምረው አወጡበት። ከንፈሩን አታዪውም?" ብላ አንድ ብርጭቆ ውሃ ጨመረችለት። እሱም በሁለት እጁ ይዞ ቀስ ብሎ ጠጣ፣ ዓይኑን ጨፍኖ። ሰው ውሃ እንደዚያ ሲጠጣ ያየሁት እሱን ብቻ ነው።

ስለሱ አላሰብኩም ነበር። አሁን ሳስበው ነው የገረመኝ፤ ብሎኑን ሳጠብቅ በፍጹም ትዝ አላለኝም።

ሰኞ፣ 42 ቀን

የእጥበት ክፍሉ ሲስተር ተቆጣችው። እዚያ ሲመዘን ስልሳ ሁለት ሆነ። "ቤት ሃምሳ ዘጠኝ ተኩል ነበርኩ" አላት። "ታዲያ በመንገድ ላይ ጠጣኸው?" አለችው። አራት ኪሎ አወጡለት። እግሩን ቁርጠት ይዞት ግድግዳ ተደግፎ ነው የገባው። የራሱን ፀጉር ቤት ከሰዓት አልከፈተም።

ዛሬ ማታ እመልሰዋለሁ ብዬ ነበር። እማዬ ግን ሚዛኑ ካለበት ወጥ ቤት ሳትወጣ ብዙ ቆየች።

ሐሙስ፣ 39 ቀን

እንደገና። ስልሳ ሁለት ተኩል። አሁን በመዝገቡ ላይ "ተደብቆ ይጠጣል" ብለው ጽፈውበታል። በሰው ሁሉ ፊት።

"የናንተ ሚዛን ነው የተበላሸው" አላቸው ወንድሜ። "የቤታችንን እህቴ ናት የምታስተካክለው። እንጀራዋ ነው።"

እማዬም ሲስተሯን ሞግታለች። እንደውም ሚዛናችሁን አስፈትሹ ብላ ሆስፒታሉ ለኛ ወርክሾፕ እንዲደውል አድርጋለች። ግራም "የወንድምሽ ነገር ስለሆነ አንቺው ሂጂበት" አለኝ።

ሐሙስ፣ 32 ቀን

እጥበት ክፍሉ። ስድስት ወንበር፣ ስድስት ሰው፣ ስድስት ማሽን። ወንድሜ መስኮቱ ጋ፣ ደሙ በቱቦ እየወጣ እየገባ። እማዬ አጠገቡ። ሲስተሯ እጇን አጣምራ።

የሙከራ ብረቶቼን አንድ በአንድ ጫንኩ። ሃያ። አርባ። ስልሳ። ሚዛናቸው ስልሳ አለ፣ ንቅንቅ የማይል ስልሳ። አንስቼ ደግሜ ጫንኩ፣ ጊዜ ለመግዛት። ስልሳ።

"ትክክል ነው" አልኩ።

ሲስተሯ ወደ ወንድሜ ዞራ "ሰማህ?" አለችው። በደግ ድምፅ ነበር፣ ደግነቷ ነው ያመመኝ። እማዬ መሬት መሬት አየች። እሱ ግን እኔን ነው ያየው። ተናዶ አልነበረም፤ ያልገባውን ሂሳብ እንደሚሠራ ሰው ነበር።

"የቤቱን ማታ አየዋለሁ" አልኩ።

አላየሁትም። ዛሬ ብመልሰው ነገ ዓርብ 75 ይላል። በአንድ ሳምንት አራት ኪሎ ከየት መጣ ይባላል?

ዓርብ፣ 31 ቀን

72። እማዬ "ጠንቀቅ በይ" ብቻ አለች። ከወንድሜ ጋር አትነጋገርም። ጠዋት የውሃ ማሰሮውን አንስታ መኝታ ቤቷ አስገብታለች። ሠላሳ ሁለት ዓመት የሞላው ሰውዬ ውሃ ተቆለፈበት። አልጠጣሁም እያለ ይምላል። እውነቱን ነው፤ ሚዛኑ ከፈቀደለት በላይ አልጠጣም።

ከነገ ጀምሮ በእግሬ ነው የምሄደው። ዳቦ የለም። ሻይ ያለ ስኳር።

ረቡዕ፣ 26 ቀን

ዳቦ ቤቶቹ። ሁለት በላሁ።

ዓርብ፣ 24 ቀን

72 ተኩል። ይህ እንግዲህ የሚዋሸው ሚዛን የሚለው ነው። እውነቱን ማስላት አልፈልግም። ሰባ አምስት ተኩል።

የወንድሜ ጫማ አልገባ ብሎት ማሰሪያውን ፈትቶ ወጣ። ቁርጭምጭሚቱን በጣት ስትጫኚው ጉድጓዱ ይቀራል። "ቆሜ ስለምውል ነው" ይላል። ፀጉር አስተካካይ ነው፣ እውነትም ቆሞ ይውላል። ትላንት ከእጥበት ሃምሳ ዘጠኝ ተኩል ሆኖ ነው የወጣው፤ ቁርጠቱ አላስችል ብሎት ሳይጨርሱ ነቀሉት።

ቅዳሜ፣ 23 ቀን

ጠዋት እኔ ሸሚዝ እየተኮስኩ እሱ ሚዛን ላይ ወጣ። እማዬ አነበበች። ልክ ስልሳ። እስከ ሰኞ ገና ሁለት ቀን አለ፤ ግን ቀኑ ሞቃት ነው፣ ከንፈሩም ደርቆ ተሰነጣጥቋል። እማዬ አዘነችለት። "ስልሳን አላለፈም። አንድ ብርጭቆ ምን ያደርገዋል?" አለች። ከሳምንት ወዲህ ስታናግረው ገና ዛሬ ነው።

ሳይወርድ ወደኔ ዞረ። "እህት ዓለም፣ ሚዛኑ ልክ ነው?"

ካውያውን አላነሳሁም። "ልክ ነው" አልኩ።

ሸሚዙ ተቃጠለ። የካውያው ቅርጽ ጀርባው ላይ ቀርቷል። እሱ ብርጭቆውን በሁለት እጁ ያዘ። እኔ ወጣሁ።

ሰኞ፣ 21 ቀን። ከሆስፒታል ኮሪደር

ትላንት ጠዋት። እማዬ ስትጮህ ነው የነቃሁት። አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጦ አፉን ከፍቶ አየር ይፈልጋል። ደረቱ ውስጥ የሚፈላ ነገር ይሰማል። መተኛት አልቻለም፣ መናገር አልቻለም። ታክሲው ውስጥ ጭንቅላቱን በመስኮት አውጥቶ ነው የደረስነው።

ድንገተኛ ክፍል ከነአልጋው መዝነው የአልጋውን ቀነሱ። ስልሳ ሦስት። ሳንባው ውሃ ሞልቷል። ሐኪሟ "ትላንት ስንት ነበር?" አለች።

እማዬ የቀን መቁጠሪያውን ገንጥላ በጉያዋ ይዛ መጥታለች። አውጥታ ዘረጋችው። "ስልሳ። ይኸው። በየቀኑ ጽፌዋለሁ፣ አንድ ቀን ከስልሳ አልፎ አያውቅም። ሚዛናችሁ ነው የተበላሸው። እሷን ጠይቋት፣ ሥራዋ ነው።"

ሁሉም ወደኔ ዞሩ። እኔ ዝም አልኩ። ሐኪሟ ጊዜ አልነበራትም፣ መጋረጃውን ስባ ገባች።

እማዬ አሁን እዚህ አጠገቤ ተቀምጣ እጇን ታሻሻለች። "በእጄ አጠጣሁት" ትላለች። "በገዛ እጄ።" ከትላንት ጀምሮ ይችን ብቻ። እኔ ጀርባዋን እደባብሳለሁ። ከዚህ የከፋ ነገር ሠርቼ አላውቅም።

ሐሙስ፣ 18 ቀን

ተርፏል። ዶክተሩ ለሁለታችን ነገረን። ልቡ ከውሃው ብዛት ደክሟል፣ ለብዙ ሰዓት የሚቆይ ቀዶ ጥገና አይችልም። ቀጠሮው ተሰርዟል። ስሙን ከዝርዝሩ አውጥተውታል።

"እስከ መቼ?" አለች እማዬ።

"ልቡ ከተመለሰ እንጠራችኋለን። ቀን ልሰጣችሁ አልችልም። ላይመለስም ይችላል።" ከዚያ ወደኔ ዞሮ፦ "አንቺ ግን ክብደትሽን ጠብቂ።"

ከሆስፒታሉ በር ፊት ለፊት ካለው ሱቅ ሁለት ፓኬት ብስኩት ገዛሁ። ግንብ ላይ ተቀምጬ ሁለቱንም ጨረስኩ። ማንም አይመዝነኝም። ለማን ብዬ ነው የምጠብቀው? ከላይ 18 ብዬ ጽፌያለሁ፤ ከምን እንደሚቆጠር እንጃ።

ቅዳሜ

እማዬ ልብስ ልትቀይር ቤት ሄደች። ሁለታችን ብቻ ነበርን። ትራሱን ከፍ አደረግሁለት።

"ሚዛኑን መለስሽው?" አለኝ።

ወንበሩን ስቤ ተቀመጥኩ። "ከመቼ ጀምሮ ነው ያወቅከው?"

"የነሱን የፈተሽሽ ቀን። ከዚህ ሃምሳ ስምንት ሆኜ ወጣሁ፣ ቤት ገብቼ ስወጣበት ሃምሳ ስድስት እንኳ አልሞላሁም። የነሱ ልክ ከሆነ የኛ ነው አልኩ። ያንቺም ዓርብ ገባኝ። ፊትሽ እየሞላ ቁጥርሽ ይወርዳል።"

"ለምን አልተናገርክም?"

ትንሽ ሳቀ፣ ሳሉ እስኪመጣበት። "ታፍሪያለሽ ብዬ። ለኔ ብለሽ እኮ ነው ሁለት ዓመት የተራብሽው።" ከዚያ ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ። "ቅዳሜ ልክ አይደለም እንድትይኝ ብዬ ነው የጠየቅኩሽ። ልክ ነው ስትይ ግን፣ እውነቱን ልንገርሽ? ደስ አለኝ። ጠምቶኝ ነበር።"

እጁን ያዝኩት። ቀለል ያለ እጅ፣ መቀስ የለመደ። "ለእማዬ እኔ እነግራታለሁ" አልኩ።

"ንገሪያት" አለ። "ሌሊቱን ሙሉ ታለቅሳለች፣ የምሰማት አይመስላትም።"

ስድስት ቀን ሆነው፣ አልነገርኳትም። መጀመሪያ ትተኛ፣ መጀመሪያ ትብላ፣ መጀመሪያ እሱ ይሻለው እያልኩ።

አይ፣ ተሳሳትኩ። ከእሑድ ወዲህ ስድስት ቀን። ሚዛኑን ከከፈትኩ ግን ሠላሳ ቀን።

ዓርብ። ስንት ቀን እንደቀረ አይታወቅም

ግራምን ሦስት ባለ ሃያ ኪሎ ብረት ለምኜ በታክሲ አመጣሁ። ለምን ብሎ አልጠየቀኝም፤ ፊቴን አይቶ ፈረመልኝ።

እማዬ ወጥ ቤት ድንች እየላጠች ነበር። ሚዛኑን እግሯ ሥር አስቀምጬ ብረቶቹን ደረደርኩ። ጠቋሚው ሃምሳ ሰባት ተኩልን አልፎ ቆመ።

"ይኼ ስልሳ ኪሎ ነው እማዬ። ብረት ነው፣ አይጠጣም።"

መነጽሯን አድርጋ አየች። "ተበላሽቶ ነው?"

"አልተበላሸም። እኔ ነኝ። ወፍሬ ነበር፣ እንዳታዪብኝ ብዬ ሞላውን ነካሁት። እሱ በልክ ነው የጠጣው። አንቺም በልክ ነው ያጠጣሽው።"

አልጮኸችም፣ አልመታችኝም። ቢላዋውን አስቀመጠች፣ እጇን ታጠበች፣ አደራረቀች። ከዚያ ከጉያዋ የማትለየውን የቀን መቁጠሪያ ገጽ አውጥታ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋች።

"ከየትኛው ቀን ጀምሮ ነው?"

በጣቴ አሳየኋት። እርሳሱን ሰጠችኝ። "ትክክለኛውን ጻፊው።"

ተቀመጥኩና አንድ በአንድ አስልቼ ከጎኑ ጻፍኩ። የኔ አራት ዓርብ ነው፣ ቶሎ አለቀ። የሱ ሃያ ሦስት ጠዋት። ስትቆጣው የነበረባቸው ቀኖች፣ ማሰሮውን የቆለፈችበት ቀን፣ ሳይነጋገሩ የበሉባቸው ቀኖች። የመጨረሻዋ ቅዳሜ ላይ ስደርስ ስልሳ የሚለው ጎን ስልሳ ሁለት ተኩል ጻፍኩ። እማዬ ጣቷን እዚያ ላይ አድርጋ ቆየች።

"ሁለት ብርጭቆ ነው የሰጠሁት" አለች። "አንቺ ከወጣሽ በኋላ። ሁለተኛውን ይበቃኛል ብሎኝ ነበር። እህትህ ልክ ነው ብላለች እኮ ብዬ ለመንኩት።"

ሚዛኑን ገልብጬ ብሎኑን ወደ ቦታው መለስኩ፣ ብረቶቹን ጫንኩ። ስልሳ። አረንጓዴውን ወረቀት በጥፍሬ ላጥኩት።

"ዓርብ ነው" አለች እማዬ። ጀርባዋን ሰጥታኝ ድንቿን ይዛለች። "ዶክተሩ ልቡ ከተመለሰ እንጠራለን ብሏል። ነገም ሊሆን ይችላል፣ የዛሬ ሦስት ዓመትም። ያን ቀን ስንት ሆነሽ እንደምትገኚ አንቺ ታውቂያለሽ። ከእንግዲህ እኔ አላነብልሽም።"

ጫማዬን አወለቅሁ፣ ወጣሁ። ጎንበስ ስል ጠቋሚው ይዋልላል፤ ቀጥ ብዬ እስኪረጋ ጠበቅሁ።

76 ተኩል። ራሴ አነበብኩት፣ ራሴ ጻፍኩት።